የሦስተኛ ለ ድምፅ

ስልኩ ሲጮህ መምህርቷ ለቁርስ ዳቦ እየቆረጠች ነበር። ሐኪሙ «ጉሮሮሽ ላይ እባጭ አለ፣ ለሦስት ሳምንት አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ» ብሎ ካዘዛት አሥራ አንደኛ ቀኗ ነው። ስለዚህ እንደ ሰሞኑ ልማዷ ድምፅ ማጉያውን ከፈተችና ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋ አቆመችው። ጠረጴዛውን በጥፍሯ አንዴ ኳ ካደረገች «እሺ»፣ ሁለቴ ካደረገች «አይሆንም» ማለት እንደሆነ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ለምዶታል። የደወለው ግን የትምህርት ቤቱ ምክትል ርዕሰ መምህር ነበር፤ እሱ ደግሞ ይህን የኳ ኳ ቋንቋ አልተማረም። «መምህርት፣ እንደምን አደሩ፤ አይቸገሩ፣ ዝም ብለው ብቻ ያዳምጡኝ» ብሎ ጀመረ። የወሰነ ትምህርቱ ማብቂያ ስለሆነ ዛሬ ሱፐርቫይዘሯም ወላጆችም መጥተው ልጆቹ ምን እንደተማሩ ያያሉ። ድምፅ የሌለው ክፍል ደግሞ ለእንግዳ አይታይም። ስለዚህ የሦስተኛ ለ ልጆች ለሌሎቹ ሦስት ክፍሎች ይከፋፈላሉ። ከእረፍቱ በኋላም እሷ የመጻሕፍት ግምጃ ቤት ብትገባ ይሻላል ተብሏል፤ እዚያ መናገር አያስፈልግም። መምህርቷ ኳ ኳ አደረገች። ትንሽ ቆይታም፣ ጠንከር አድርጋ፣ ኳ ኳ። «መስመሩ ይንኳኳል» አለ ምክትሉ። «ለማንኛውም ዝም ካሉ ተስማምተዋል ማለት ነው እንግዲህ!» በራሱ ቀልድ ትንሽ ሳቀና ዘጋው።

ባለቤቷ በመስኮቱ ጥግ፣ በቁራጭ መስታወት ፊት ጢሙን እየተላጨ ይህን ሁሉ ሰምቷል። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ድምፁ ከሦስት ቤት ማዶ ስለሚሰማ የሠፈሩ ሰው «ጡሩምባው» ይለዋል። እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ የተሰማው ንዴት አልነበረም፤ ደስ አለው። ይህች ሴት ለዓመታት ማታ ማታ ወደ ቤት የምትመጣው እንደተጨመቀ ሎሚ ሆና ነው። እሱ ስለ ተሳፋሪው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጎረቤቱ ሲያወራላት «እህ» ትላለች፣ ወይም ራሷን ትነቀንቃለች፣ በቃ። ልጆቻቸው አድገው ከወጡ በኋላ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የግድግዳው ሰዓትና የእሱ ድምፅ ብቻ ሆኗል። ለሰው ልጅ ሙሉውን ድምፅ አውጥታ ሰጥታ ለእኔ እጣቢውን ይዛ ትመጣለች እያለ በሆዱ ሲብሰለሰል ኖሯል። አሁን ግምጃ ቤት ብትገባ፣ ከመጻሕፍት ጋር ስትውል ድምፅዋ ይጠራቀማል፣ ማታ ይተርፈናል ብሎ አሰበ። ዘወር ብሎ ሲያያት ግን ዳቦውን አሁንም እየቆረጠች ነው። ቁራጩን ደግማ ትቆርጠዋለች፣ የተቆረጠውን እንደገና፤ ሰሃኑ ላይ ፍርፋሪ እንጂ ዳቦ የለም። በገዛ ሐሳቡ አፈረ። ግማሽ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ «አብሬሽ ልሂድ?» አላት። አንገቷ ላይ በክር ያንጠለጠለችውን ማስታወሻ ደብተር አነሳችና «ምን ልትሠራ?» ብላ ጻፈችለት።

«ልጮህ» አላት።

ቦርሳዋን እሱ ተሸከመው። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ያንን ቦርሳ አንስቶት አያውቅም ነበርና ትከሻውን ሲጎትተው «ምንድነው እንዲህ የሚከብደው፣ ድንጋይ ነው እንዴ?» አላት። ራሷን ነቀነቀች፤ በእርግጥም ድንጋይ ነበር። በቀለም ቁጥር የተጻፈባቸው ሰባት ድንጋዮች፣ አንድ ጥቅል ሲባጎ፣ በፌስታል የታሰረ የባቄላ ፍሬ፣ የጠርሙስ ክዳን፣ የሽቦ የልብስ መስቀያ። «የአስተማሪ ቦርሳ ነው የቆራሊዮ?» ብሎ ሳቀ፤ እሷም በአፍንጫዋ ሳቀችለት። ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው፣ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። መንገዱ ላይ የጫማ ማደሻው ሱቅ ገና መከፈቱ ነው፤ ዳቦ ቤቱ ደግሞ ዋጋውን ሳይነካ ዳቦውን አሳንሶታል ብለው ሁለት ሴቶች ደጃፉ ላይ ይጨቃጨቃሉ። እሱ በአውቶቡስ ሺህ ጊዜ ያለፈበት መንገድ ነው፤ ከእሷ ጋር ጎን ለጎን በእግሩ ሲሄድበት ግን ይህ የመጀመሪያው መሰለው።

ግቢው ታጥቦ፣ ደረጃው ተወልውሎ፣ ኮሪደሩ የጠመኔና የእርጥብ መወልወያ ሽታ ሸትቷል። የሦስተኛ ለ በር ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። በሌሎቹ ክፍሎች መስኮት በኩል ሲያይ በአንድ ዴስክ ላይ አራት አምስት ሆነው የተጣበቁ ልጆች አሉ፤ እንግዶቹ ልጆች በዓይን ይለያሉ፣ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠርዝ ጠርዙን ተቀምጠዋል። ምክትሉ ክራቫቱን እያስተካከለ ከቢሮው ወጣ። ገና ወጣት ነው፤ ጠዋት ስልኩ ላይ ከተሰማው ይልቅ ሲያዩት የተጨነቀ፣ ዓይኑም እንቅልፍ ያጣ ነው። «ጋሼ፣ እኔ ክፋት የለኝም» አለ። «አርባ ሦስት ልጅ አፉን ዘግቶ ተቀምጦ ቢታይ ሪፖርቱ ላይ ምን ይጻፋል? ለእሳቸውም ስድብ ነው።»

«የጎደለው ድምፅ ብቻ ነው?»

«ድምፅ ነው እንግዲህ።»

«እሱን ይዤልህ መጥቻለሁ፣ ልጄ» አለና ሹፌሩ ወደ ግቢው መሃል ሄዶ ቆመ። ሁለት እጁን አፉ ላይ እንደ ቀንድ አደረገና፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በመጨረሻው ፌርማታ ሲያሰማ የኖረውን ጩኸት ለቀቀው፤ «ሦስተኛ ለ! ሦስተኛ ለ! የቀረ አለ? ሦስተኛ ለ!» ርግቦች ከጣሪያው ተነሱ። የጥበቃው ሰውዬ ከወንበሩ ብድግ አለ። ምክትሉ በግራ እጁ ጆሮውን ያዘ። መጀመሪያ ከሦስተኛ ሀ በር አንዲት ጥርሰ ወላቃ ልጅ ብቅ አለች፤ አየችው፣ ከኋላው ደግሞ መምህርቷን አየቻትና ወደ ውስጥ ዞራ «ቲቸር መጣች!» አለች። ከዚያ ከሦስቱም በር ልጆቹ ከተቀደደ ከረጢት እንደወጣ ባቄላ ፈሰሱ። የሌሎቹ ክፍል አስተማሪዎችም ተጨናንቀው ነበርና እየሳቁ ለቀቋቸው። መምህርቷ ቁልፏን አውጥታ በሩን ስትከፍት፣ ምክትሉ ሰዓቱን አይቶ «ጋሼ፣ ኃላፊነቱ የእርስዎ ነው» ብሎ ሄደ። ሹፌሩም ኃላፊነት መቼ ፈርቼ አውቃለሁ ብሎ ደረቱን ነፍቶ ገባ።

ከልጆቹ ፊት ቆሞ፣ ክፍል የሚጀመርበትን አንድ ነገር ያውቃልና፣ ጠረጴዛውን በመዳፉ መትቶ «ዝም በሉ!» ብሎ አንባረቀ። የሚያወራ ልጅ አልነበረም። አርባ ሦስቱም እርስ በርስ ተያዩ፤ ሽማግሌ ሲያዝኑለት የሚታይ ዓይነት አስተያየት ነው። ትልቅ መነጽር ያደረገች ልጅ ተነሳች። «ጋሼ፣ እዚህ ክፍል አይጮህም» አለችው በቀስታ። «ቲቸርን ስለሚያማት አይደለም። እሷን ሲያማት እኛ በተራ ማውራት ተማርን፣ ከዚያ ሳንጮህ እንደሚቻል አወቅን።» መዳፍ ተዘርግቶ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ «ጨርሻለሁ» ወይም «ልክ ነው» ማለት ነው፣ ጭብጥ ደረት ላይ ከሆነ «ጊዜ ስጡኝ»፣ ሁለት ጣት በአየር ላይ ከዞረ ደግሞ «እስቲ እንደገና እየው»። ይህን ሁሉ አስረድታው ስታበቃ ባለመነጽሯ ወንበር አሳየችው። ተቀመጠ። መምህርቷ መስኮቱ አጠገብ በርጩማ ላይ ሆና ሳቋን ለመደበቅ አንገቷን ደፋች።

ድምፅ ሊሆናቸው የመጣው ሰውዬ ያን ጠዋት አንድም ጊዜ አላስፈለገም። መምህርቷ የሚሠሩት የተጻፈበት ካርቶን ሰሌዳው ላይ ትሰቅላለች፤ ልጆቹ በየቡድናቸው ሆነው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። አንድ ቀጭን ልጅ ሰሌዳው ላይ ወጥቶ ስድስት ጊዜ ሰባትን አርባ ስምንት ብሎ ጻፈ። ሹፌሩ እንኳ ስህተት መሆኑን አወቀና ትከሻው ሳያዝዘው ተሸማቀቀ፤ በእሱ ዘመን እንዲህ ለተሳሳተ ልጅ የማስመሪያ ጠርዝ ጣት ላይ ነበር የሚወርደው። ማንም አልሳቀም። አርባ ያህል ልጅ ሁለት ሁለት ጣቱን አነሳና በአየር ላይ አዞረ። ቀጭኑ ልጅ ጭብጡን ደረቱ ላይ አደረገ፤ ሁሉም ጠበቁት። ሰባት ሰባት ነጥብ በስድስት ረድፍ ደረደረ፣ ቆጠረ፣ አርባ ስምንቱን በእጅጌው አጠፋና አርባ ሁለት ጻፈ። ከዚያም ወደ ክፍሉ ዞሮ «አርባ ሁለት እናንተ፣ አንድ እኔ፤ አርባ ሦስት» አለ። ሹፌሩ ሊያጨበጭብ እጁን ካነሳ በኋላ የሌሎቹን አይቶ መዳፉን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ።

በመደርደሪያው ላይ ሦስት ማሰሮ የሚያህሉ የመስታወት ዕቃዎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ባቄላ በቅሏል። አንዱ ፀሐይ ያየ፣ አንዱ ውሃ የተነፈገ፣ አንዱ ቁም ሣጥን ውስጥ የከረመ። በጨለማ የከረመው ከሁሉም ረዝሞ፣ ገርጥቶ፣ ተልፈስፍሶ ተኝቷል። ጥርሰ ወላቃዋ ልጅ የየቀኑን ቁመት የጻፉበትን ወረቀት እያሳየችው «ብርሃን ፍለጋ ነው የረዘመው፣ አቅም ኖሮት አይደለም» አለችው። ግድግዳው ላይ ከትምህርት ቤቱ በር እስከ አውቶቡስ ተራው ድረስ ያለውን ሠፈር የሚያሳይ ካርታ አለ፤ አንድ ጣት ማለት መቶ እርምጃ ነው፤ በሲባጎ ለክተው የሠሩት ነው። ሹፌሩ ሊያርማቸው ተነስቶ ነበር። የዳቦ ቤቱ ጥምዝ፣ ማዞሪያው፣ ጭቃ የሚተኛበት ጉድጓድ ሳይቀር አለ። በመሪው የሚያውቀውን መንገድ እነሱ በእግራቸው ያውቁታል። ከካርታው ጎን «ገና ያላወቅናቸው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ከጥያቄዎቹ አንዱ «የአውቶቡስ በር ሲከፈት ለምን ይተነፍሳል?» ይላል። ይህን ጥያቄ በሕይወቱ ማንም ጠይቆት አያውቅም። ሞተሩ አየር አፍኖ በጋን እንደሚያጠራቅም፣ ሹፌሩ ቁልፉን ሲነካ ያ አየር በሩን ገፍቶ እንደሚያልፍ ሲነግራቸው አርባ ሦስቱም አንገታቸውን ወደ እሱ ሰገግ አድርገው ነበር። ባለመነጽሯ ወረቀቱ ላይ መልሱን ጻፈችና ከሥሩ «ከሹፌሩ ጋሼ የሰማነው» ብላ ምንጩን አሰፈረች።

ስለ አውቶቡሱ በር ላስረዳበት ውለታ ይመስላል፣ ቀጭኑ ልጅ አንድ ነገር ሊያስተምረው መጣ። ባዶ ሣጥን ላይ የተወጠረ ላስቲክ ነካ አድርጎ «ይንቀጠቀጣል፣ አዩት? ድምፅ ማለት ይሄ ነው» አለው። «አሁን ጉሮሮዎትን ይያዙና አንድ ነገር ይበሉ።» ሹፌሩ ጉሮሮውን ይዞ «አሃ» አለ። ጣቶቹ ሥር እንደ ሞተር ነዘረው። ስድሳ ዓመት ሙሉ ይዞት ሲዞር እንዲህ እንደሆነ አያውቅም ነበር። «የቲቸር ላስቲክ ብዙ ስለተሠራበት አብጧል፤ ያበጠ ላስቲክ ደግሞ ጥሩ አይንቀጠቀጥም። ስለዚህ ዝም ማለቷ ኩርፊያ አይደለም፣ ሕክምና ነው» አለው ልጁ። ሹፌሩ ወደ መስኮቱ ዞሮ አያት። የጎበጠ ጀርባዋን፣ በጠመኔ የነጣ እጅጌዋን፣ ድምፅ ሳይኖራት አርባ ሦስት ልጅ የምትመራበትን ዓይኗን አየ። ያ ሁሉ ዘመን ድምፅዋ የት እንደሚገባ ሲመረምር ኖሯል፤ ድምፅዋ እነሆ እዚህ ገብቶ ቁጭ ብሏል፤ ሰሌዳው ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በዚህ ልጅ አፍ ላይ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ እንግዶቹ መጡ። ፊት ፊት ሱፐርቫይዘሯ፣ ሸበት ያሉ፣ መዝገብ በክንዳቸው ያቀፉ ሴት ናቸው፤ ከኋላቸው ምክትሉ፣ ከዚያ ከሥራቸው ሰዓት ሰርቀው የመጡ ወላጆች፤ አንዷ እናት የልብስ ስፌት መርፌ ደረቷ ላይ እንደተሰካ ነው። ልጆቹ በየተራ እየተነሱ ባቄላውን አሳዩ፣ ካርታውን አስረዱ፣ ሰማያዊና ቢጫ ቀላቅለው አረንጓዴ አወጡ። ጥርሰ ወላቃዋ በቋንቋ ክፍለ ጊዜ የጻፉትን ደብዳቤ አነበበች፤ «ውድ የቲቸር ጉሮሮ ሆይ፣ እንደምን አለህ? እኛ ደህና ነን። ቶሎ እንዳትመጣ፤ በደንብ ዕረፍና ና። ስትመጣም ለጩኸት እንዳትመጣ፣ ለተረት ና።» ወላጆቹ ሳቁ፤ ባለመርፌዋ እናት በሻርፕዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ሱፐርቫይዘሯ ግን አልሳቁም። መዝገባቸውን ከፍተው ዘጉት። «ግሩም ነው» አሉ፤ «ስንት ቀን ነው የተለማመዳችሁት?» ምክትሉ መሬት መሬት አየ። ሹፌሩ ደሙ ፈላና ሊነሳ ሲል መምህርቷ ከመስኮቱ በዓይኗ ብቻ ተቀመጥ አለችው፤ ተቀመጠ።

ሱፐርቫይዘሯ የሳይንስ መጽሐፉን ከአንዱ ልጅ ጠረጴዛ ላይ አንስተው ከመጨረሻዎቹ ገጾች አንዱን ገለጡ። «እርጥብ ልብስ ሲደርቅ ውሃው የት ይሄዳል?» ብለው ጠየቁ። አርባ ሦስት ጭብጥ ደረት ላይ ሆነ። ባለመነጽሯ ተነስታ «ገና አልደረስንበትም» አለች። «እንግዲያው አታውቁትም ማለት ነው» አሉ ሱፐርቫይዘሯ፤ በክፋት ሳይሆን በተለመደ ድካም ነው ያሉት። «አናውቅም» አለች ልጅቷ። «እንየው ወይ?»

ከዚያ የሆነው ነገር በማንም መዝገብ ላይ መስመር የተሰመረለት አልነበረም። ጥርሰ ወላቃዋ ውሃው የትም አይሄድም፣ ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ይተኛል አለች። ቀጭኑ ልጅ ወደ አየር ይወጣል አለ። ሁለቱም ግምት ከነባለቤቱ ሰሌዳ ላይ ተጻፈ። «ውስጡ ከተኛ ክብደቱ አይቀንስም፤ ከወጣ ይቀንሳል» አለች ባለመነጽሯ፤ በዚህ ሁሉም ሁለት ጣት ሳያዞሩ ተስማሙ። ጨርቅ ሲጠፋ ሹፌሩ ከኪሱ ያልተነካ፣ የተተኮሰ መሐረቡን አወጣ። አርሰው ጨመቁት፤ በሽቦ መስቀያው አንድ ጫፍ ዘርግተው አሰሩት፤ በሌላው ጫፍ ፌስታል አንጠልጥለው መስቀያው ቀጥ እስኪል ባቄላ ጨመሩበት። ከዚያ ፀሐይና ንፋስ በሚገባበት መስኮት ላይ ሰቅለውት ዙሪያውን ተቀመጡ። ምክትሉ ወደ ሱፐርቫይዘሯ ጠጋ ብሎ «ሌሎቹ ክፍሎች እየጠበቁ ነው» አላቸው በሹክሹክታ። «ይጠብቁ» አሉና በአንድ ትንሽ ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ሲል ተቀመጡ።

አርባ ሦስት ልጅ፣ አሥራ ሁለት ወላጅ፣ አንድ ሱፐርቫይዘር፣ አንድ ምክትል ርዕሰ መምህርና አንድ ጡረታ የወጣ ሹፌር አንድ መሐረብ ሲደርቅ ያያሉ። ሹፌሩ በሕይወቱ ብዙ ዝምታ ያውቃል፤ የኩርፊያውን፣ የድካሙን፣ የቤቱን። ይህኛው ግን ሌላ ነበር፤ የሚሠራ ዝምታ ነው። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ በመሐረቡ በኩል ያለው ጫፍ፣ አለ የለም በሚያሰኝ ሁኔታ፣ ከፍ ማለት ጀመረ። ቀጭኑ ልጅ ወደ ጥርሰ ወላቃዋ አየ፤ እሷ ብድግ ብላ ከፌስታሉ ውስጥ አንዲት ባቄላ አወጣች፣ መስቀያው ቀጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ተነሳ፤ ሌላ ባቄላ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሰባት ባቄላ መዳፏ ላይ ተሰበሰበ። «ሰባት ባቄላ የሚያህል ውሃ በመስኮት ወጥቷል» አለች፤ ከዚያም ስጦታ እንደተሰጠው ሰው ፊቷ ሁሉ በርቶ «ተሳስቻለሁ!» ብላ ጮኸች። በዚያ ክፍል በዚያ ቀን ከሹፌሩ ሌላ የጮኸች እሷ ብቻ ናት። ከግምቷ ጎን የኤክስ ምልክት ያደረገችውም ራሷ ናት።

ሱፐርቫይዘሯ ከወንበሩ ለመነሳት የባለመርፌዋን እናት ክንድ መያዝ ነበረባቸው። መዝገባቸው ላይ ብዙ ጻፉ፤ ወደ ምክትሉ ዞረውም «ይህን ክፍል በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት የሚይዘው ማነው?» አሉት። ምክትሉ መስቀያውን አየ፣ ሰሌዳውን አየ፣ መስኮቱ ሥር የተቀመጠችውን ሴት አየ። «መምህርቷ ናቸው እንጂ» አለ፤ «ድምፃቸው እስኪመለስ ረዳት እንመድባለን።» እንግዶቹ ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ሹፌሩን ጠበቀው። «ጋሼ፣ የጠዋቱን ስልክ ሰምተውታል መሰለኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። ሹፌሩ ትከሻውን መታ መታ አደረገና «ለእሷ ንገራት» አለው። «ሐኪሙ መናገር ነው እንጂ መስማት አልከለከላትም።» ወጣቱ ተመልሶ ገባ። ሹፌሩ ከውጭ ሆኖ ያያቸው ነበር፤ ምክትሉ ቆሞ ሲናገር፣ እሷ ስትሰማው፣ በመጨረሻም ከሰባቱ ባቄላ አንዷን መዳፉ ላይ ስታስቀምጥለት።

ከሰዓት በኋላ እግሯ ስለደከመ በአውቶቡስ ተመለሱ። ሁለት ፌርማታ ብቻ ነው። ከኋላ ወንበር ይዘው ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሱ ብዙ ሊላት ፈልጎ ነበር፤ ስንት ዓመት በሆዱ ስለያዘው ቂም፣ ዛሬ ስላየው ነገር፤ ግን የሚጀምርበት ቃል አጣ፣ ጡሩምባው። ስለዚህ «ከእረፍቱ በኋላ ምንድነው የሚማሩት?» አላት። ገርሟት ዞራ አየችው። ከቦርሳዋ ዕቅዷን የጻፈችበትን ደብተር አውጥታ ጭኑ ላይ አደረገችለት። ጣቱን ከፊደል ፊደል እያሳለፈ ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር፤ «ውሃና አየር… ደብዳቤ አጻጻፍ… የከተማችን ሠራተኞች…» ፊት ለፊት የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ዞር ዞር አሉ። «ክፍል… ክፍልፋይ» ብሎ ቆመ። እሱ ከአራተኛ ክፍል ነው ትምህርቱን ያቋረጠው፤ ይህን ቃል ሲሰማ ኖሯል እንጂ ምን እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም። በትዳራቸው ዘመን የማያውቀው ነገር ሲያጋጥመው ይዘለዋል፣ ወይም ወሬ ይለውጣል።

«ክፍልፋይ ምን ማለት ነው?» አላት፤ ድምፁ እንደ ልማዱ አውቶቡሱን ሞላው፣ እሱም አላፈረም።

የአውቶቡሱን ቲኬት ከእጁ ወሰደች። መሃል ለመሃል አጥፋ በጥፍሯ ሰነጠቀችውና ግማሹን ሰጠችው። «ግማሽ» አለ። ያንኑ ከእጁ ተቀብላ እንደገና ለሁለት ከፈለችው። አሰበ፤ ከዚያ ደግሞ ጭብጡን ደረቱ ላይ አድርጎ ጊዜ እንድትሰጠው ለመናት። ሰጠችው። «ከአራት አንዱ!» ሲል ባለቤቱ መዳፏን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፤ አጠገባቸው የተቀመጠ አንድ ሽማግሌም «ከዚያስ?» አለ። ከዚያማ እንደገና ቀደደችው፣ ስምንተኛው የጥፍር ያህል ሆነ፤ ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተው እሱን ሲያዩ በሩ ተንፍሶ ተከፈተ፣ ተንፍሶም ተዘጋ። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ፌርማታ ያልሳተው ሰውዬ ቀና ሲል፣ የሚወርዱበት ፌርማታ ከኋላቸው ቀርቷል።